ከዴልሂ እስከ ቶኪዮ የበረራው ርቀት ስንት ነው? መሄጃውና መመለሻውስ በሰዓት ለምን ይለያያሉ?

የጣና ዳር (ጠያቂ)፣ ታኅሣሥ 24

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር ነው። ታናሽ እኅቴ ዴልሂ ውስጥ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቷን በመከታተል ላይ ትገኛለች፤ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ለአጭር ሥልጠና ወደ ቶኪዮ ሄዳ በአሥረኛው ቀን ወደ ዴልሂ ትመለሳለች። የትኬቷን ፎቶ ልካልናለች። እናታችን ልጇ አየር ላይ የምትቆይበትን ጊዜ ለይታ ካላወቀች እንቅልፍ የማይወስዳት ሰው በመሆኗ፣ ስሌቱ በእኔ ላይ ወድቋል፤ እኔም ሁለት ቀን ሞክሬ አልሆነልኝም።

በትኬቱ መሠረት አውሮፕላኑ ከዴልሂ በ20:00 ተነሥቶ ቶኪዮ፣ ናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ በማግስቱ በ07:15 ይደርሳል። በመመለሻው ቀን ደግሞ ከናሪታ በ11:00 ተነሥቶ ዴልሂ በዚያው ዕለት በ17:00 ይገባል። የመነሻውን ሰዓት ከመድረሻው ላይ ስቀንስ መሄጃው 11 ሰዓት ከ15 ደቂቃ፣ መመለሻው ግን 6 ሰዓት ብቻ ይሆናል። በሁለቱ አገሮች መካከል የሰዓት ልዩነት መኖሩን አውቃለሁ፤ ሆኖም የቱን በየቱ ላይ እንደምደምር፣ የቱንስ ከየቱ ላይ እንደምቀንስ ስላልለየሁ በሞከርሁ ቁጥር የተለየ መልስ ይወጣልኛል። እንዲያውም በአንደኛው ሙከራዬ መመለሻው ከመሄጃው የሚረዝም ሆኖ ስላገኘሁት ተሳስቻለሁ ብዬ ተውሁት።

የርቀቱም ነገር አልተስማማልንም። 12ኛ ክፍል የሚማረው ወንድማችን በግድግዳ ካርታ ላይ ከዴልሂ እስከ ቶኪዮ በማስመሪያ ለክቶ፣ ካርታው ግርጌ ላይ በተጻፈው መለኪያ ሲያባዛው ከ7,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። እኅታችን ግን 5,900 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነ ተነግሯታል። ልዩነቱ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በመኪና ደርሶ መልስ ከሚሆነው መንገድ ይበልጣል፤ ስለዚህ የማስመሪያ አያያዝ ስሕተት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። የምታውቁ ሰዎች ብታስረዱኝ፣ በተለይም በእኛ ሰዓት መቼ ተነሥታ መቼ እንደምትደርስ ብትነግሩኝ፣ ለእናታችንም ትልቅ ዕረፍት ይሆንላታል።

ከትኬት ቢሮ፣ ታኅሣሥ 24

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔም እዚሁ ባሕር ዳር ውስጥ በጉዞ ወኪልነት ለብዙ ዓመታት ስለሠራሁ፣ ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ የሚቀርብልኝ ነው። መነሻ የሚሆነው ደንብ አንድ ብቻ ነው፦ ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ሁልጊዜ አውሮፕላኑ የቆመበት ከተማ ሰዓት ነው። 20:00 የዴልሂ ግድግዳ ሰዓት የሚያሳየው ነው፤ 07:15 ደግሞ የቶኪዮ። ሁለት የተለያዩ ሰዓቶችን እርስ በርስ መቀናነስ የብርን ዋጋ ከዶላር ላይ እንደ መቀነስ ነው፤ አስቀድሞ ወደ አንድ ዓይነት መመንዘር ያስፈልጋል።

መመንዘሪያው የዓለም የጋራ ሰዓት ነው። ከእርሱ ኢትዮጵያ በ3 ሰዓት፣ ሕንድ በ5 ሰዓት ተኩል፣ ጃፓን በ9 ሰዓት ይቀድማሉ። ስለዚህ ጃፓን ሕንድን በ3 ሰዓት ተኩል ትቀድማለች ማለት ነው። ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ከቆጠሩት ላይ 3 ሰዓት ተኩል ይቀንሳሉ፤ ወደ ምዕራብ ሲመለሱ ይደምራሉ። መሄጃው 11 ሰዓት ከ15 ሲቀነስ 3 ሰዓት ተኩል፣ 7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይሆናል። መመለሻው 6 ሰዓት ሲደመር 3 ሰዓት ተኩል፣ 9 ሰዓት ተኩል ይሆናል። እንግዲህ ተሳስቻለሁ ብለው የተዉት ሙከራዎ ትክክለኛው ነበር፤ መመለሻው በእርግጥም ይረዝማል። ሦስቱም አገሮች በበጋ ሰዓት የመግፋት ልማድ ስለሌላቸው ይህ ልዩነት ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም።

በእኛ ሰዓት ሲነገር፦ ከዴልሂ የምትነሣው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ቶኪዮ የምትደርሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ስትመለስ ከቶኪዮ የምትነሣው ሊነጋጋ ሲል በ11 ሰዓት ነው፤ ዴልሂ የምትደርሰው ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ሁለት ማሳሰቢያዎችን ልጨምር። አንደኛ፣ 20:00 ማለት በዚያ አገር ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ 11:00 ደግሞ ከጠዋቱ 5 ሰዓት። ትኬት ላይ 11:00 አይተው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት መስሏቸው በረራ ያመለጣቸው ሰዎች ገጥመውኛል፤ የደረሰባቸውን ኪሳራ ስላየሁ ለማንም ሳልናገር አላልፍም። ሁለተኛ፣ በትኬቱ ላይ ያለው ጊዜ አውሮፕላኑ ከቆመበት ተነቅሎ እንደገና ቦታው ላይ እስከሚቆም ድረስ ያለው ነው፤ መሬት ላይ የሚያዘግመውንም ይጨምራል። ከወረደችም በኋላ የኢሚግሬሽን ሰልፍና የሻንጣ ጥበቃ ስላለ፣ እናትዎ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል በፊት ስልክ ባይደወልላቸው አይጨነቁ።

ዓባይ ማዶ፣ ታኅሣሥ 25

የሰዓቱ ስሌት ግልጽ ነው፤ አመሰግናለሁ። የመሄጃውና የመመለሻው ልዩነት ግን ምድር ስለምትሽከረከር ይመስለኛል። አውሮፕላኑ አየር ላይ ሳለ ምድር ከሥሩ እየዞረች ከተማውን ታቀርብለታለች ወይም ታርቅበታለች ማለት ነው። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ።

የጂኦግራፊ መምህር፣ ታኅሣሥ 25

ስለ ምድር መሽከርከር ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው እንዲመልስ ትቼ፣ እኔ የወንድማችሁን ልኬት አነሣለሁ፤ ምክንያቱም ልጁ በማስመሪያው አልተሳሳተም። ካርታው ራሱ ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ ይህንንም በየዓመቱ ክፍል ውስጥ ለማስረዳት ስደክም ስለኖርሁ ጥያቄው ከባሕር ዳር በመምጣቱ ደስ ብሎኛል።

የግድግዳ ካርታዎች ብዙዎቹ ኬንትሮሶችን ጎን ለጎን የቆሙ እኩል ቋሚ መስመሮች አድርገው ይሥላሉ። በእውነተኛይቱ ምድር ላይ ግን ኬንትሮሶች ከምድር ወገብ ተነሥተው ወደ ዋልታ ሲሄዱ እየተቀራረቡ መጥተው እዚያ ይገናኛሉ። አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ በምድር ወገብ ላይ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በ30 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ወደ 96 ይወርዳል፤ በቶኪዮ ኬክሮስ ደግሞ 90 ብቻ ነው። ዴልሂና ቶኪዮ በ63 ዲግሪ ኬንትሮስ ይራራቃሉ። ወንድማችሁ ይህን ሁሉ በምድር ወገብ መለኪያ ስላባዛው ነው ከ7,000 በላይ የሆነበት። ካርታው ግርጌ ላይ ያለው መለኪያ የሚሠራው ለምድር ወገብ አካባቢ ነው፤ ጣና ላይ ቢለካበት ስሕተቱ አይታወቀውም ነበር፤ ጃፓን ላይ ግን በግልጽ ይታያል።

ልጁ ራሱ እንዲያረጋግጠው ከፈለጋችሁ ከትምህርት ቤት ሉል ያስፈቅድ። ዙሪያው አንድ ሜትር የሆነ ሉል ቢገኝ፣ የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር 400 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ክር ወስዶ ከዴልሂ እስከ ቶኪዮ ወጥሮ ቢለካው 15 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ያገኘዋል። በስሌትም ከዴልሂ ኢንዲራ ጋንዲ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ናሪታ 5,910 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለቶኪዮ ከተማ ይበልጥ ወደሚቀርበው ወደ ሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሆን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀንሳል። ናሪታ ከመሀል ከተማው ወደ ምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ በመሆኑ፣ እኅታችሁ ከወረደች በኋላም በባቡር የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ይቀራታል።

ሕንድ በ5 ሰዓት ተኩል የምትቀድመው ለምንድን ነው ለሚል ሰው፦ ሕንድ ሰዓቷን የምትቆጥረው በሚርዛፑር አጠገብ በሚያልፈው 82 ዲግሪ ተኩል ኬንትሮስ ነው፤ ጃፓን ደግሞ በአካሺ ከተማ ላይ በሚያልፈው 135 ዲግሪ። ፀሐይ 15 ዲግሪ ለመሻገር አንድ ሰዓት ስለሚፈጅባት፣ 82 ተኩል ለ15 ሲካፈል 5 ተኩል፣ 135 ለ15 ሲካፈል 9 ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ልጁ ክሩን በወጠረ ጊዜ እንዲያስተውል እፈልጋለሁ። ክሩ ከዴልሂ ተነሥቶ በቀጥታ ሂማላያን ይሻገራል፤ ከዚያ የቲቤትን አምባ መሀል ለመሀል አቋርጦ በሰሜን ቻይናና በኮሪያ በኩል ጃፓን ይገባል። አውሮፕላኑ በዚያ መንገድ ይሄዳል ወይ? ይህን የሚመልስልን ሰው ይኑር።

የአየር ጠባይ ተማሪ፣ ታኅሣሥ 26

መምህራችን ያቆሙበትን ልቀጥል። ሜትዮሮሎጂ ተምሬ ሠርቼበታለሁ፤ የአቪዬሽን አየር ትንበያም የሥራዬ አካል ነበር።

አውሮፕላኑ በክሩ መንገድ አይሄድም። ምክንያቱን ለመረዳት የቲቤትን አምባ ከራሳችን ተራራ ጋር እናስተያየው። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ የቲቤት አምባ ደግሞ በአማካይ ወደ 4,500 ሜትር ይጠጋል፤ ስፋቱም ከኢትዮጵያ በእጥፍ ይበልጣል። ከራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ቆመው የሚያዩት አገር ሁሉ እስከ ኬንያና እስከ ሱዳን ድረስ በዚያው ከፍታ ተዘርግቶ ቢታሰብ ማለት ነው። በ11,000 ሜትር ለሚበር አውሮፕላን ይህ በራሱ እንቅፋት አይሆንም። አስቸጋሪው፣ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ድንገት ቢጠፋ ነው። በዚያ ጊዜ አብራሪው መንገደኞች ያለ ጭንብል ሊተነፍሱ ወደሚችሉበት ወደ 3,000 ሜትር አካባቢ በፍጥነት መውረድ አለበት። ከላይ የሚወርዱት የመንገደኞች የኦክስጅን ጭንብሎች በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች ላይ የሚያገለግሉት ከ12 እስከ 22 ደቂቃ ያህል ነው። ቲቤት ላይ ግን 3,000 ሜትር ማለት ከመሬት በታች ነው፤ ዝቅ ወዳለ አገር ለመድረስ ደግሞ የጭንብሉ ጊዜ ላይበቃ ይችላል።

ስለዚህ ከዴልሂ ወደ ቶኪዮ የሚሄዱ በረራዎች በተለምዶ ወደ ምሥራቅ ታጥፈው፣ ሂማላያን በስተግራ ትተው፣ በባንግላዴሽና በሚያንማር ሰማይ አልፈው በኩንሚንግ አካባቢ ቻይና ይገባሉ፤ ከዚያም ወደ ሻንጋይ አቅጣጫ ሄደው ባሕሩን ይሻገራሉ። በኩንሚንግ በኩል ሲሰላ መንገዱ 6,340 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከክሩ መንገድ በ430 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በጊዜ ሲሰላ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ ለመሄድ ሐይቁን በጀልባ ቢሻገሩ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና ግን በጎንደር ዞሮ መሄድ ግድ ነው። ጣናን በመኪና እንደማንሻገረው ሁሉ እነርሱም ቲቤትን ይዞሩታል፤ ዙረቱ ግን ከእኛ እጅግ የቀለለ ነው።

አሁን መሄጃውና መመለሻው በጊዜ ወደሚለያዩበት ምክንያት ልምጣ። ወንድማችን ዓባይ ማዶ ያነሡት ሐሳብ ብዙ ሰው የሚያስበው ነው፤ ነገር ግን አየሩም ከምድር ጋር አብሮ ስለሚሽከረከር አይሠራም። ወደ ዘጌ በሚሄድ ጀልባ ላይ ሆነው ከፊት ወደ ኋላ ቢራመዱ፣ ጀልባው ወደ ፊት በመሄዱ ምክንያት እርምጃዎ አያጥርም፤ አይረዝምምም። እንዲያውም ሐሳቡ ትክክል ቢሆን ኖሮ ውጤቱ የተገላቢጦሽ ይሆን ነበር፤ ምድር የምትሽከረከረው ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ቶኪዮ ከአውሮፕላኑ እየሸሸች፣ ዴልሂ ግን ወደ አውሮፕላኑ እየመጣች፣ መሄጃው በረዘመና መመለሻው ባጠረ ነበር።

እውነተኛው ምክንያት ባለሙያዎች ጄት ስትሪም የሚሉት፣ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጠባብና ብርቱ የነፋስ ጅረት ነው። የሚፈጠረው በሞቃቱ የምድር ወገብ አየርና በቀዝቃዛው የሰሜን አየር መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት ነው፤ ልዩነቱ በሰፋ መጠን ነፋሱ ይበረታል። ስለዚህም በእነርሱ ክረምት፣ ማለትም በእኛ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ከሂማላያ በስተደቡብ ሰሜን ሕንድን አቋርጦ፣ በቻይና ላይ አልፎ፣ ጃፓን ሲደርስ በዓለም ላይ ከሚታወቁት ብርቱ ነፋሶች አንዱ ይሆናል፤ በዚያ ሰማይ ላይ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር የሚበልጥበት ጊዜ አለ። እኅታችን የምትጓዘው ልክ በዚህ ወቅት ነው፤ የምትጓዝበትም መንገድ ከነፋሱ ጅረት ጋር ብዙውን ይገጣጠማል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ጅረቱ ከቲቤት በስተሰሜን ሸሽቶ ስለሚደክም የሁለቱ ጉዞዎች ልዩነት ይጠባል።

ነፋሱን በመሣሪያ ለክቶ ያገኘውም ጃፓናዊ ነው። ዋሳቡሮ ኦይሺ የተባለው ሳይንቲስት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ፣ ከቶኪዮ በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በታቴኖ ጣቢያ ትንንሽ ፊኛዎችን ወደ ሰማይ እየለቀቀ በአቅርቦ ማሳያ መነጽር ሲከታተላቸው፣ ከፍ ባሉ ቁጥር ወደ ምሥራቅ በኃይል እንደሚነዱ አየ። ዓለም ሁሉ እንዲያነበው በማሰብ በ1926 ውጤቱን የዓለም መግባቢያ እንዲሆን ታስቦ በተፈጠረው በኤስፔራንቶ ቋንቋ አሳተመው፤ የሚያሳዝነው ግን ኤስፔራንቶ የሚያነብ ሰው ጥቂት በመሆኑ ሥራው ሳይታወቅ ቀረ። በ1944 መጨረሻ የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች በከፍታ ላይ ሆነው ጃፓን ሰማይ ሲደርሱ ነው ነፋሱ አቅጣጫቸውን ያሳታቸው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የተሞላበት ሥራ በቋንቋ ምክንያት ለዓመታት መቀመጡን ባሰብሁ ቁጥር ይቆጨኛል።

ስሌቱን እንሥራው። አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይጓዛል እንበል፤ መንገዱን 6,300 እናድርገው። ነፋስ ባይኖር ሄዶ 7፣ ተመልሶ 7፣ በድምሩ 14 ሰዓት ይሆናል። በአማካይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከኋላ ሲገፋው ፍጥነቱ በመሬት ላይ ሲለካ 1,000 ሆኖ በ6 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ይደርሳል። ሲመለስ ነፋሱ ከፊት ስለሚገጥመው 800 ብቻ ሆኖ 7 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ይወስድበታል። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ በትኬቱ ላይ ያለው ልዩነትም 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። የቀረው ጊዜ መሬት ላይ ማዝገም፣ መውጣት፣ መውረድ፣ እንዲሁም አየር መንገዶች ለመዘግየት ብለው የሚጨምሩት መጠባበቂያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ነጥብ አለ። የደርሶ መልሱ ድምር 14 ሰዓት ሳይሆን 14 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሆኗል፤ ነፋሱ በመሄጃው የሰጠውን በመመለሻው ከነትርፉ ይወስዳል፤ ምክንያቱም ወደ ኋላ የሚጎትተን ነፋስ በዝግታ ስለምንጓዝ ለረዥም ጊዜ አብሮን ይቆያል። ከዘጌ እንጨት ጭነው ወደ ባሕር ዳር በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ይህን ያለ ስሌት ያውቁታል። ነፋስ ከኋላ ሲሆንላቸው ያተረፉትን ጊዜ ነፋስ ፊት ለፊት በገጠማቸው ቀን በአንድ ጉዞ ይከፍሉታል።

ከጎርጎራ፣ ታኅሣሥ 26

ስለ ጎርጎራ በመነሣቱ ደስ ብሎኛል። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ላሳ የምትባለው ከተማ ቲቤት ውስጥ አይደለችምን? አውሮፕላን ማረፊያም አላት ሲባል ሰምቻለሁ። ቲቤት የማይበርበት ሰማይ ከሆነ እንዴት ያርፉባታል?

የአየር ጠባይ ተማሪ፣ ታኅሣሥ 26

መልካም ጥያቄ ነው፤ አባባሌም ግልጽ አልነበረም። ቲቤት የማይበርበት ሰማይ አይደለም፤ ተዘጋጅቶ የሚበርበት ሰማይ ነው። የላሳ አውሮፕላን ማረፊያ 3,570 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ሆኖ እንኳ ከፍተኛ ከሚባሉት ውስጥ መቆጠሩን ስናስብ የላሳው ምን ያህል እንደሆነ ይገባናል። ወደዚያ የሚበሩት አውሮፕላኖች ለረዥም ጊዜ የሚበቃ ኦክስጅን የተጫነላቸው፣ በየትኛው ሸለቆ በኩል ወደ ዝቅተኛ ቦታ እንደሚወርዱ አስቀድሞ የተጠናላቸው፣ አብራሪዎቻቸውም ለዚሁ የሠለጠኑ ናቸው። ይህ ሁሉ ወጪ ነው። ከዴልሂ ቶኪዮ የሚሄድ አውሮፕላን ግን በግማሽ ሰዓት ዙረት ይህን ማስቀረት ከቻለ፣ በዚያም ላይ የሚዞርበት መንገድ ነፋሱ የሚገፋው ከሆነ፣ ቢዞር ይሻለዋል።

ጃፓን የኖርሁ፣ ታኅሣሥ 27

ከተማርሁበት ከጃፓን ተመልሼ አሁን ባሕር ዳር ስለምኖር፣ ለእናታችሁ የሚጠቅም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቶኪዮ በነበርሁባቸው ዓመታት ቤተሰቦቼን ለማግኘት ስሌት ሠርቼ አላውቅም፤ ምክንያቱም የእኛ ቤት የግድግዳ ሰዓትና የቶኪዮ የግድግዳ ሰዓት አንድ ናቸው።

እንዴት እንደሆነ ላስረዳ። ጃፓን ኢትዮጵያን በ6 ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ደግሞ ሰዓታችንን የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ስለሆነ የሰዓታችን ዘንግ ከፈረንጁ አቆጣጠር በ6 ሰዓት ይለያል። ሁለቱ ስድስቶች ተደምረው 12 ይሆናሉ፤ በክብ ሰዓት ላይ 12 ማለት ደግሞ ዞሮ እዚያው መግባት ነው። እናታችሁ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የሳሎኑን ሰዓት ቢያዩ፣ ልጃቸው በዚያች ደቂቃ ቶኪዮ ውስጥ የምታየው ሰዓትም ዘንጎቹ ልክ በዚያው ቦታ ላይ ይሆናሉ። የሚለየው የቀኑ ክፍል ብቻ ነው፤ በእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ሲል እነርሱ ጋ የከሰዓት በኋላው 3 ሰዓት ነው፤ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲል እነርሱ ጋ የምሽቱ 9 ነው፤ ለመኝታ የሚዘጋጁበት ጊዜ። ስለዚህ ለመደወል የሚመቸው በእኛ ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ነው፤ እኅታችሁ ከሥልጠናው ወጥታ ማረፊያዋ ትገባለች።

ትኬቱንም ተመልከቱት። 07:15 ትደርሳለች ይላል፤ በእኛም ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከሩብ ነው የሆነው። 11:00 ትነሣለች ይላል፤ በእኛም ሊነጋጋ ሲል በ11 ሰዓት ነው። ዴልሂ ላይ ይህ አይሠራም፤ ለዴልሂ ከእኛ ሰዓት ላይ 3 ሰዓት ተኩል መቀነስ ያስፈልጋል።

በተረፈ በታኅሣሥና በጥር ዴልሂ ላይ ከባድ ጭጋግ የሚወርድበት ወቅት ነው፤ በተለይ ከእኩለ ሌሊት እስከ ማለዳ ብዙ በረራዎችን ያዘገያል። የእኅታችሁ አውሮፕላን በምሽት የሚነሣ፣ ሲመለስም ከሰዓት በኋላ የሚያርፍ በመሆኑ ሰዓቱ መልካም ነው፤ ቢሆንም የጠዋቱ መዘግየት እየተገፋ ወደ ምሽቱ ሊሻገር ስለሚችል፣ በዕለቱ ከቤት ሳትወጣ የበረራውን ሁኔታ ብታረጋግጥ ይሻላል።

የጣና ዳር (ጠያቂ)፣ ታኅሣሥ 28

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወንድሜ ከትምህርት ቤቱ ሉል አስፈቅዶ ለካው፤ ዙሪያው 96 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ስሌቱን በዚያው ልክ ሠርቶ 5,900 አካባቢ አገኘ። ከዚያም ክሩን ኩንሚንግ ላይ በመርፌ ቁልፍ አስይዞ ዙረቱን ለካው። እናታችን ደግሞ የሳሎኑን ሰዓት ነገር ስነግራት መጀመሪያ አላመነችኝም፤ እኅቴ በስልክ ካረጋገጠችላት በኋላ ግን አራቱን ሰዓቶች በወረቀት አስጽፋኝ ከሰዓቱ ሥር ለጥፋዋለች።

የጣና ዳር (ጠያቂ)፣ ጥር 19

ውጤቱን ልንገራችሁ ብዬ ነው የተመለስሁት። እኅቴ በሰላም ደርሳለች። አውሮፕላኑ ከዴልሂ 15 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ቢነሣም ናሪታ የደረሰው ከተባለው ሰዓት 20 ደቂቃ ቀድሞ ነው። ከመቀመጫዋ ፊት ባለው ማያ ላይ መንገዱን ስትከታተል ስለነበረ ወደ ደቡብ ታጥፎ በኩንሚንግ አጠገብ ማለፉን አይታለች፤ ሻንጋይን ካለፉ በኋላ ደግሞ ማያው በሰዓት 1,120 ኪሎ ሜትር ያሳይ ነበር። እናታችን እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 ድረስ ከሰዓቱ ሥር ተቀምጣ ጠብቃለች፤ ስልኩ የጠራውም በዚያን ጊዜ ነው።

በመመለሻው ቀን በእነዚያው ቦታዎች ላይ ማያው የሚያሳየውን ፍጥነት በማስታወሻዋ እንድትጽፍልኝ ለምኛታለሁ፤ ዴልሂ እንደገባች ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጌ እዚህ አሰፍራቸዋለሁ።